ከገንዳው የከለከላችኋቸው ልጆች ሐይቁ ውስጥ ናቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን የማነበው ሥራ ቦታ ነው፣ ደንበኛ ቀዝቀዝ ሲልልኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት። ስለ ሴት ልጆቹ የጻፍኩትን ግን አደራ እንዳትነኩብኝ።

ጉዳዬ የመዋኛ ገንዳ ነው። ስዊሚንግ። «አሁን በዚህ ጊዜ የፑል ነገር ደብዳቤ ያስጽፋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ባለቤቴ ራሱ ብሎኛል። የኮሮና በሽታው አለ፣ የዘይቱ ዋጋ አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ። ትንሽ ብቻ ታገሡኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። 12 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ዋና ይማር ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም፣ ጠላት ላፈራ አልተነሣሁም። በቀን 100 ብር እንከፍላለን፣ አሠልጣኙ 9 ልጆች ሰብስቦ ያስተምራል፣ እኛ እናቶች ዛፉ ሥር ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን። ሻዩ ዋጋው አይነገርም፤ ቢሆንም የሳምንቱ ደህና ሰዓት እሷ ነበረች። ልጄ በ5 ወር ውስጥ ገንዳውን ከጫፍ ጫፍ ሳያርፍ መሻገር ቻለ።

ከዚያ መጋቢት 2012 መጣ። በ4ኛው ቀን የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ፣ ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳር ለ14 ቀን መግባትም መውጣትም ተከለከለባት። ገንዳውም ተዘጋ። ያን ጊዜ ማንም አላጉረመረመም፣ እኔም ጭምር። እንዲያውም መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ምን እንደሚሆን ማንም ስለማያውቅ ልጄን እናቴ ጋ ልኬ አንድ ወር በስልክ ብቻ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ «ኮሮናን አቃለለች» የሚለኝ ካለ ይቺን ያንብብልኝ።

አሁን ደግሞ፣ በጥቅምት 2013፣ ነገሩ ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አበቃ፣ በምትኩ የኮሮና መከላከያ መመሪያ ቁጥር 30 ወጣ፣ ማስክ ግዴታ ሆነ፣ መጨባበጥ ቀረ፣ ትምህርት ቤትም በፈረቃ ሊጀመር ነው። ሆቴሉም ገንዳውን ሞልቶ ከፈተ። ልጄ ይህን ከጓደኛው ሲሰማ የሆነውን ብታዩ! ከ7 ወር በፊት የገዛሁለትን የመዋኛ ቁምጣ አውጥቶ ለካው፣ አልገባ አለ። አዲስ ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ማስካችንን አድርገን ሄድን።

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አንድ ሰው 45 ደቂቃ ብቻ። በአንድ ጊዜ ከ12 ሰው በላይ አይገባም። በስልክ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ልብስ መቀየሪያ ክፍሉና ሻወሩ ዝግ ናቸው፣ ቁምጣህን ከቤትህ ለብሰህ ና። ውኃው ጫፍ እስክትደርስ ማስክ አታውልቅ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ፣ የገረመኝ ሻወሩ ብቻ ነው፣ እመለስበታለሁ። መጨረሻው ላይ ግን በትልቁ «ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች የሆነ አይስተናገድም» ይላል።

ጥበቃው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ድሮም የምንተዋወቅ። ሙቀቴን ለኩ፣ የልጄን ለኩ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እታለም፣ አንቺ መግባት ትችያለሽ፣ ልጁ ግን አይገባም።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም፣ የመጣሁት ለሱ ነው።»

«ምን ላርግሽ የኔ ልጅ፣ ታዝዤ ነው።»

እውነታቸውን ነው፣ ታዘው ነው። ከሳቸው ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ግን በትከሻቸው በኩል አሻግሬ ውስጡን አየሁት። ገንዳው ውስጥ 4 ሰው አለ። ገንዳው ዳር፣ እዚያው ሰማያዊዋ ውኃ በ3 እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ሞልቷል። ልደት ነው መሰለኝ፣ ፊኛ ተሰቅሏል። ቢራ፣ ማኪያቶ፣ አንድ ላይ አፍ ለአፍ ገጥሞ ፎቶ መነሣት። ማስክ አገጭ ላይ፣ ማስክ ክንድ ላይ፣ ማስክ ጠረጴዛ ላይ ከዳቦው ጎን። ልቁጠር ብዬ 50 ላይ ስደርስ ተውኩት። ሕፃናትም ነበሩበት! ዳሩ ላይ ኬክ መብላት ይችላሉ፣ ውኃው ውስጥ መግባት አይችሉም።

ይህን ስታይ አለመሳቅ ይከብዳል። ልጄ ግን አልሳቀም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፣ ሙያዬም ስለሆነ። ይህ ቫይረስ የሚሄደው ከሰው ትንፋሽ ወደ ሰው ትንፋሽ ነው። ተጠጋግቶ ከማውራት፣ ከመሳል፣ ከመዝፈን፣ በተዘጋ ክፍል አብሮ ከመቆየት። በደንብ የታከመ የገንዳ ውኃ ሰውን ከሰው እንደሚያስይዝ እስካሁን ማስረጃ የለም፣ ይህን የዓለም ጤና ድርጅትም የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም በግልጽ ጽፈውታል። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ቫይረሱ የለበሰው ሽፋን ስስ ነው፤ ሳሙና እንደማይምረው ክሎሪንም አይምረውም። ቤታችን ጀሪካን ውስጥ ውኃ አጋር የምናደርገው፣ ወለል በበረኪና የምንወለውለው ለምን ሆነና? ያው ክሎሪን ነው።

ቁጥሩም ይታወቃል። ለመዋኛ ገንዳ ቢያንስ 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን በሊትር፣ ፒኤቹ (የውኃው የአሲድነት ልክ) ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8። ፒኤቹ ከዚያ በላይ ከወጣ ክሎሪኑ ቢኖርም ይሰንፋል። የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ክሎሪን ትበላለች፣ ጠዋት የተለካው ለከሰዓት አይሠራም፣ እንደገና መለካት ነው። መለኪያው ቀላል ነገር ነው፣ ውኃው ላይ ሲጨመር ወደ ሮዝ ይቀየራል፣ ቀለሙን ከካርዱ ጋር ማስተያየት ብቻ። ማንበብ የሚችል ሰው በ5 ደቂቃ ይለምደዋል።

ስለዚህ አደጋው ውኃው ውስጥ ካልሆነ የት ነው? መቀየሪያ ክፍሉ ነው፣ መዘጋቱ ትክክል። በሩ ላይ መሰለፉ ነው። ከውኃ ወጥቶ ዳር ላይ ተኮልኩሎ ማውራቱ ነው። እና ያ ልደቱ ነው! ወረቀቱን የጻፈው ሰው ሁሉንም ገደብ ከውኃው ጋር አስሮ ጠረጴዛዎቹን በነፃ ለቀቃቸው።

ሻወሩን ያልኳችሁ፦ መዝጋታቸው ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ሳይታጠብ ላቡን፣ ቅባቱን፣ (ይቅርታ አድርጉልኝና) ሽንቱን ይዞ ሲገባ ክሎሪኑ ከዚያ ጋር እየተዋጋ ያልቃል። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ እኮ «ክሎሪን በዝቶ ነው» እንላለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሪኑ ከቆሻሻችን ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ሽታ ነው። ግቢው ውስጥ፣ አየር ላይ፣ አንድ ቧንቧ ይቁም። በቃ። ክፍሉ ይዘጋ፣ ቧንቧው ይከፈት።

ማስኩም ቢሆን እስከ ውኃው ጫፍ ነው የተባለው፣ ልክ ነው። ባለፈው ግን አንድ ጎልማሳ ማስኩን እንዳደረገ ሲገባ አይቻለሁ። ማስክ ከራሰ መተንፈስ ይከለክላል፣ የሚያድን ነገር ሰውዬውን ሊያንቀው ነበር። ማንም ሳይነግረው ራሱ አወለቀውና ሳቀ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። መቼም ሰውን ሳያነጋግሩ መጻፍ ነውር ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ቡና ጋበዘኝ፣ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ከመጋቢት ጀምሮ አልጋው ባዶ እንደሆነ ነገረኝ። ቱሪስት የለም፣ ስብሰባ የለም፣ ሠራተኛ ቀንሷል፣ ዋናተኞችን የሚጠብቀውን ላይፍጋርድም አሰናብቶ ገና ሰሞኑን ነው የመለሰው። ክሎሪኑም ተወዷል። አዘንኩለት፣ ከልቤ ነው። ግን ስለ ልጆቹ ስጠይቀው «ሕፃናት አይታዘዙም፣ ርቀት አይጠብቁም፣ አንድ ነገር ቢፈጠር እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለኝ።

ሕፃናት አይታዘዙም! እኔ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳይ ነው የምውለው። ማስኩን አፍንጫው ድረስ አድርጎ የሚመጣው ልጅ ነው። «እማ፣ ሳኒታይዘር አልነካሽም» ብሎ እናቱን የሚያሳፍራት ልጅ ነው። ማስኩን አውልቆ፣ በመስታወቱ ቀዳዳ አንገቱን አስገብቶ «ምን አልሽኝ?» የሚለኝ ትልቅ ሰው ነው፣ ያውም ክራቫት ያሰረ።

ደግሞስ ሒሳቡን እንየው። ገንዳው 20 ሜትር በ8 ሜትር ነው፣ 160 ካሬ ማለት ነው። ለ12 ሰው ቢካፈል ለአንዱ ከ13 ካሬ በላይ ይደርሰዋል። ሰማይ ላዩ ላይ ክፍት ነው፣ የሐይቁ ነፋስ ያልፋል። ያው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ ከነፈረቃው፣ ከነጓደኞቹ፣ ጣሪያ ሥር ሊቀመጥ ነው። መንግሥት ያንን ፈቀደ፣ እኔም ደግፌዋለሁ። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ነው የሚያስፈራው?

ሥራ አስኪያጁ አሰበና «እስቲ እናያለን» አለኝ። ታውቃላችሁ አይደል «እስቲ እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ነገር ጋ ደረስኩ። ልጄ ተከልክሎ ሲመለስ ቤት አልተቀመጠም። በማግሥቱ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ መጣ። «ታጥቤ ነው» አለኝ። በዚህ ፈረቃ ውኃ በነበረበት ቀን ቢሆን አምነው ነበር፣ ቧንቧችን ግን ሦስት ቀኑ ነው ከደረቀ። ወደ ማታ እግሩን ማከክ ጀመረ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐይቅ የሄዱት 6 ሆነው ነው። አብዛኞቹ ከዚያው ከቅዳሜው ዋና ክፍል የሚተዋወቁ ናቸው፣ አንድ ሁለት የሰፈር ልጆች ጨምረው። ደንገሉ መሀል ገብተው፣ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ አድርገው። አንደኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ሲሄድ መሬቱ ከእግሩ ሥር ጠፋበት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ጣና በዓመቱ ከሁሉ የበለጠ የሚሞላው አሁን ነው፣ ውኃውም ድፍርስ ነው፣ የት ድረስ እንደሚጠልቅ አይታይም። ያወጣው ታንኳ ይዞ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነው። መቅዘፊያውን ዘረጋለት፣ ልጁ ያዘ፣ ተረፈ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ስሙን እንኳ አልጠየቁትም። ልጄ ይህን የነገረኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው፣ ያውም መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን።

«እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» እንላለን አይደል? ሰውን ለማማት ነው የምንጠቀምበት። እኔ ከዚያ ማታ ወዲህ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚሰማኝ።

ጣና የሰው ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። እንጀራችን ነው፣ ታሪካችን ነው፣ ደብረ ማርያም ለመሳለም የምንሻገረው በሱ ላይ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ትልቅ ጀልባ ያንገላታል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ አለ፣ እሱ ደግሞ ዋና የሚችል አይችል ብሎ አይመርጥም።

ብዙ ሰው ቢልሃርዚያን ውኃ በመጠጣት የሚመጣ ይመስለዋል። በቆዳ ነው የሚገባው። የታመመ ሰው ሐይቁ ዳር ይጸዳዳል፣ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣና የሰው እግር ይፈልጋል። ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ልጆቹ የሚገቡበትን ነው፦ ጥልቀት የሌለው፣ ዝም ያለ፣ ሣርና ደንገል ያለበት ዳርቻ። ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩም፣ ለቀንድ አውጣ ጥሩ ቤት ነው፤ ሰሞኑን እምቦጭ ለመንቀል እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ የሚቆሙ ወገኖቻችንንም ሳስብ ይህ ነው የሚመጣብኝ፤ ቦቲና ጓንት ቢያገኙ፣ በኋላም ቢመረመሩ።

መድኃኒት ቤት ያለው ታሪክ ደግሞ ይህን ይመስላል። እናት ትመጣለች። «ልጄን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ጃርዲያ ነው መሰለኝ፣ የሆድ መድኃኒት ስጭኝ።» ሐይቅ ይገባል ወይ? እላታለሁ። «ኧረ የኔ ልጅ አይገባም።» ልጁ መሬት መሬት ያያል። ሰገራው ይመርመር ብዬ እልካታለሁ፣ አንዳንዷ ትሄዳለች፣ አንዳንዷ ሌላ መድኃኒት ቤት ትሄዳለች። ቢልሃርዚያ ጃርዲያ አይደለም። ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ነው የሚጎዳው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በክብደት ተለክቶ ይሰጣል፣ ከባድ ሕክምና አይደለም። ከባዱ መታወቁ ነው።

ይህንንም ልብ በሉልኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን መድኃኒት ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ በዘመቻ ይወስዱ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። የዓለም ጤና ድርጅትም መጋቢት ላይ እንዲህ ያሉ የጅምላ ዕደላዎች ለጊዜው ይቆዩ ብሎ ነበር፣ ምክንያቱም ይገባኛል። ውጤቱ ግን ልጆቹ 7 ወር ሙሉ ሥራ ፈተው፣ ሐይቁ አጠገብ፣ መድኃኒቱ በሌለበት ከረሙ ማለት ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ክሎሪን ያለበትን ብቸኛ ውኃ ከለከልናቸው። በኮሮና ስም!

መስጠሙም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2016 ብቻ 320,000 ሰው በዓለም ላይ በውኃ ሞቷል፣ ከ100 ሟቾች ከ90 በላይ የሚሆኑት ደግሞ እንደኛ ባለ አገር ነው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መፍትሔዎች አንዱ ለትምህርት ቤት ልጆች ዋና ማስተማር ነው።

እንግዲህ አደራ ወዳልኳችሁ መጣሁ። እኔ ጣና ዳር ተወልጄ፣ ጣና ዳር አድጌ፣ ዋና አልችልም። ወንድሞቼ ሦስቱም ይችላሉ። ማንም አላስተማራቸውም፣ ሐይቁ ነው ያስተማራቸው። እኔ ውኃ ቀድቼ፣ ልብስ አጥቤ እመለሳለሁ። ሴት ልጅ ልብሷን አውልቃ ደንገል መሀል ልትገባ? እናቴ በቁሜ ትቀብረኝ ነበር። በሰፈራችን ከኔ ዕድሜ ሴቶች ዋና የምትችል አንድም አላውቅም፣ ዓመቱን ሙሉ ውኃ እያየን የኖርን ሰዎች ነን እንግዲህ።

ቅዳሜ ዋና ክፍሉ ውስጥ ከ9ኙ ልጆች 4ቱ ሴቶች ነበሩ። ግቢው አጥር አለው፣ እናት ዛፍ ሥር ተቀምጣ ታያለች፣ ላይፍጋርድ አለ፣ የመዋኛ ልብስ ነውር አይደለም። ለሴት ልጅ ዋና መማሪያ ቦታ ማለት እሱ ነው፣ ሌላ የላትም። አሁን ገንዳው ለልጆች ሲዘጋ ወንዶቹ ሐይቅ ወረዱ። ሴቶቹስ? ከ4ቱ የሁለቱን እናቶች አገኘኋቸው። አንዷ «ትታዋለች፣ አሁንማ ትልቅ እየሆነችም ነው» አለችኝ። ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው። ከሁሉም ፈጣን እሷ ነበረች፣ የኔን ልጅ በየሳምንቱ ትቀድመው ነበር፣ እሱም ንፋስ ነው ገንዳው ጠማማ ነው ይል ነበር።

በነገራችን ላይ በ2008 በሪዮ ኦሎምፒክ የኛው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ዋኝቶ የመጨረሻ ሲወጣ አገር ምድሩ የሳቀውን ታስታውሳላችሁ። እኔም ስቄያለሁ። ዛሬ ያሳፍረኛል። ያ ልጅ ቢያንስ ገብቶ ዋኘ። የሳቅነው እኛ ስንቶቻችን ነን ከወገብ በላይ ባለ ውኃ ውስጥ 10 ሜትር የምንሄደው?

ከላይ ሆኖ መውቀስ ብቻ እንዳይሆንብኝ የምለምነውን ልናገር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ለልጆች ይሁን። በዚያ ሰዓት ገንዳው ባዶ ነው፣ የሆቴሉ እንግዳም ቁርስ ላይ ነው፣ ጠረጴዛዎቹም ገና አልተዘረጉም። 10 ልጆች በአንድ ጊዜ፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ላይፍጋርድ። አሠልጣኙ ውኃ ውስጥ ገብቶ ልጁን አቅፎ መያዙ ይቅርበት፣ ማስኩን አድርጎ ዳር ሆኖ በረጅም እንጨት ያሳይ፣ መዋኘት ለጀመሩት ይበቃቸዋል። አዲስ ጀማሪ ለጊዜው አይመዝገብ፣ ያ መያዝ ይፈልጋላ። ከአንድ ልጅ ጋር አንድ ወላጅ ብቻ፣ ተራርቀን እንቀመጣለን፣ ሻዩ ይቅርብን (ይቺ ከበደችኝ)። ያሳለው ወይም ያተኮሰው ቤቱ ይዋል፣ ብሩም ይመለስለት፣ ብሩ ካልተመለሰ እናት ልጇን እያሳለው ታመጣዋለችና። ፎጣ፣ መነጽር፣ የውኃ ኮዳ መዋዋስ የለም።

ክሎሪኑንና ፒኤቹን ደግሞ ጠዋትና ቀን ለክቶ በር ላይ ሰሌዳ ላይ መጻፍ። ሰው ቁጥሩን ካየ ያምናል፤ ሙቀት እኮ ግንባራችን ላይ ሲለኩልን ቁጥሩን ካላሳዩን «ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ውኃውንም እንደዚያው እንጠይቅ። የመለኪያው ነገር ካስቸገረ እኔ ራሴ ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እለካለሁ፣ በነፃ። ለሥራ አስኪያጁም ነግሬዋለሁ።

ገንዘቡም ይታሰብ። አሁን 150 ብር ሆኗል፣ ያውም ለ45 ደቂቃ። ክሎሪን መወደዱን ሰምቻለሁ፣ ሠራተኛም ደመወዝ ይፈልጋል። የምንችል እንከፍላለን። ግን ከኔ ልጅ ጋር ሐይቅ ከወረዱት 6 ልጆች ውስጥ ሁለቱ ድሮም 100ውን መክፈል የማይችሉ ናቸው፣ ለነሱ ገንዳው ኮሮና ከመምጣቱ በፊትም ዝግ ነበር። ይህን ሆቴሉ ላይ ልጭነው አልችልም። የከተማ አስተዳደሩና የትምህርት ቤቶቹ ጉዳይ ነው፣ በሳምንት አንዲት ሰዓት ከሆቴሎች ጋር መነጋገር ያቅታል ብዬ አላስብም። ይህንን የሚያነብ የሚመለከተው ሰው ካለ እዚያ ላይ ያስምርበት።

ልጄን ለምርመራ ወስጄዋለሁ። ግን ሰው እንዳይሳሳት፦ ሐይቅ ገብቶ በማግሥቱ መመርመር ምንም አያሳይም፣ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት ይፈጃል። እንደገና ልንሄድ ቀጠሮ ይዘናል። ለሌሎቹ 5 እናቶችም በየቤታቸው ሄጄ ነግሬያለሁ። ሁለቷ አልቅሰዋል፣ አንዷ «ልጄ ዋሽቶኝ ነው» ብላ ልትገርፈው ተነሣች፣ አስጣልኳት። የዓሣ አጥማጁንም ቤት እያጠያየቅን ነው።

እስከዚያው የፊታችን ቅዳሜ በ2 ሰዓት በሩ ላይ እንገኛለን። 6ቱ ወንዶችና 4ቱ ሴቶች፣ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን። የ11 ዓመቷን ልጅ እናት አሳምኛታለሁ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ካነበበ ለጥበቃው አስቀድሞ ይንገርልን፣ ሽማግሌው ሰውዬ ሁለተኛ በኛ ምክንያት እንዳይሳቀቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ዋናተኛ እናት
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር
ጥቅምት 2013 ዓ.ም.